ስልክ ሽማግሌ የሆነበት ክስ

ፀጉር አስተካካዩ አዳሙ ከገዛ ልጁ ጋር በጋቢ ጫፍ ተቋጥሮ በማራኪ ሰፈር አስፋልት ሲሄድ ያየ ሁሉ አብዷል ብሏል። አላበደም። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ አባቱ አንድ ጥያቄ ሲጠይቁት፣ ማስረዳቱ ሰለቸውና "አዎ" አለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚያች "አዎ" የተወለደ ነው።

አዳሙ ከዩኒቨርሲቲው በር ወረድ ብሎ ሁለት ወንበርና አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ያላት ፀጉር ቤት አለችው። ሚስቱ ሽታዬ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምትሠራ። ልጃቸው አንዲት ናት፣ ዓይናዲስ፤ አሥራ አንድ ዓመቷ። ዓይናዲስ በሰኔ ትምህርት ሲዘጋ የእናቷን አሮጌ ስልክ ይዛ አልጋ ላይ ወጣች፤ ፍልሰታ ተፈትቶም ገና አልወረደችም ነበር። ምሳ ሲሏት "እሺ"፣ ታጠቢ ሲሏት "እሺ"፣ ቤቱ ቢቃጠል ያው "እሺ" ነው። ድመት ከሶፋ ሲወድቅ ታያለች፣ አንዲት ሴትዮ ኬክ ስትቆርጥ ታያለች፣ ደግሞ ሌላ ድመት ሲወድቅ ታያለች። ድመት በዚህ ዓይነት ሲወድቅ ዓለም ላይ እንዴት እንደተረፈ እግዜር ይወቅ።

ሽታዬ ሁለት ወር ሙሉ ለፈለፈች፣ ተቆጣች፣ ለመነች። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች፤ የሚያስፈራውም ይሄ ነው። "ትምህርት ሳይከፈት መላ ካልተገኘለት እህቴ ማናዬ ማክሰኝት ወስዳ ታስተምራታለች። ዓመቱን እዚያው ትሁን" አለች። ማናዬ ማክሰኝት ገበያ ላይ እህል የምትነግድ፣ ቤቷ ውስጥ ሬዲዮ እንኳ ዜና ሲያልቅ የሚዘጋባት ሴት ናት። ሽታዬ ደግሞ ተናግራ የተወችው ነገር የለም። አዳሙ አንዲት ልጅ አለችው፤ እሷም ከሄደች ማታ ወደ ቤት የሚገባው ለምንድን ነው? ሱቁ ገብቶ የአንዱን ደንበኛ ግራ ጆሮ ግንድ ከቀኙ ሁለት ጣት አስበልጦ ላጨው።

ደንበኛው ጨዋ ሰው ሆኖ ነው እንጂ ይጣላው ነበር። ለክረምት ትምህርት የመጣ መምህር ነው። "ምነው ልብህ የለም?" ብሎ ጠየቀው፤ አዳሙም ዘረገፈው። መምህሩ ስልኩን አወጣ። "ኤአይ የሚባል ነገር አለ። በልጅና በወላጅ መሃል ገብቶ ያወያያል። ስለ ስልክ አጠቃቀም ሳትጣሉ ታወሩና ትስማማላችሁ" አለው፤ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠም በአዳሙ ስልክ ጫነለት። ነገርየው አማርኛ ይናገራል። አነጋገሩ ዜና የሚያነብ ሰው ይመስላል እንጂ ይናገራል።

በዚያው ሰሞን የአዳሙ አባት አያ ነጋ ዓይናቸውን ሊታዩ ከዳባት ገጠር ወርደው ልጃቸው ዘንድ አርፈው ነበር። አያ ነጋ አርባ ዓመት ሙሉ በሽምግልና የኖሩ ሰው ናቸው፤ የድንበር፣ የበሬ፣ የባልና ሚስት፣ ያልዳኙት ጠብ የለም። ልጃቸው ቤት ጠብ እያለ እሳቸውን የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ቅር ብሏቸዋል፤ አልተናገሩም እንጂ። አዳሙ ስልኩን ይዞ ገብቶ "መሃል ገብቶ ያወያየናል" ሲል ከዘራቸውን ወደ ጉልበታቸው ሰበሰቡ።

"ሽማግሌ ነዋ" አሉ።

አዳሙ ስለ ኢንተርኔት፣ ስለ ኮምፒውተር፣ ስለ ምኑ ቅጡ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ ደከመው። "አዎ" አለ።

ያን ጊዜ አያ ነጋ ተነስተው ጋቢያቸውን አስተካክለው ከስልኩ ፊት ቆሙ። ሽማግሌ ሳይመረመር አይቀመጥምና መጠየቅ ጀመሩ።

"አገርዎ ወዴት ነው?"

"ሰላም! እኔ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሆንኩ አገር የለኝም" አለ ስልኩ።

"ዘመድ አዝማድስ?"

"ዘመድ የለኝም። ነገር ግን በማንኛውም ጉዳይ ልረዳዎት ዝግጁ ነኝ።"

አያ ነጋ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ከከሳሽም ከተከሳሽም አይወለድም። ሸጋ ነው። እኔ ያንተ አባት የሷም አያት ነኝ፣ ልዳኝ ብል ያደላል እባላለሁ። እንግዲህ አጋፋሪ እሆናለሁ" አሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ትንሽ ሰለል ብሎ ነበር፤ ሥርዓት ግን ሥርዓት ነው። ቀጥለውም ሰውን ሁሉ ያስደነቀ ነገር አመጡ። "ሽማግሌው ከከሳሽ ኪስ ወጥቶ ነው የሚፈርድ? ይሄ አይሆንም። ሌላ ቤት ይረፍ።"

"ስልኩ እኮ የኔ ነው" አለ አዳሙ።

"እሱማ የባሰ ነው። ባንተ ቤት መብራት ይሞላና ነገ ፍርድ ይሰጣል? ይሄ ጉርሻ ነው። መደለያ ነው።"

ስልኩ ጎረቤት ምንዳዬ ቤት ተወሰደ። ምንዳዬ ጡረታ የወጣች፣ ከማንም ጋር ያልተጣላች ሴት ናት፤ እንቁላል ከሚጥሉ ዶሮዎቿ በቀር ዘመድ የላትም። ሽማግሌውን ቡፌ ላይ ነጭ ዳንቴል አንጥፋ አስቀመጠችውና ከራሷ መብራት ሞላችው። የዓይናዲስ ስልክም የክሱ ኤግዚቢት ነው ተብሎ ከሽታዬ ሳጥን ገባ። አዳሙ በዚያ ምሽት አሥራ አምስት ጊዜ ኪሱን ዳበሰ። ጥርሱ እንደተነቀለ ሰው ነበር፤ ባዶ ቦታውን ሳይነካካ መቀመጥ አቃተው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ችሎቱ ተሰየመ። ስልኩ በርጩማ ላይ፣ ከትራስ ተደግፎ ተቀመጠ። ምንዳዬ ባለአደራ ስለሆነች አጠገቡ ሆነች። አያ ነጋ ከዘራቸውን ይዘው በር አጠገብ ቆሙ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስልኩ ዝም ሲል ሁሉም ዝም ይላል። "እያሰበ ነው፤ አታቻኩሉት" ይላሉ አያ ነጋ። "ቶሎ የሚናገር ሽማግሌ አልወድም።"

አዳሙ ክሱን አሰማ። ልጁ ከስልክ ጋር መኖሯን፣ መብሏን መርሳቷን፣ ዓይኗ መቅላቱን፣ አባትነቱን ማቃለሏን ዘረዘረ። ሲጨርስ ስልኩ፣ "ስሜትዎን ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። ይህ ለአንድ ወላጅ ከባድ ነው። አሁን ደግሞ ዓይናዲስን እንስማ። ዓይናዲስ፣ እርስዎ ምን ይሰማዎታል?" አለ።

ዓይናዲስን በሕይወቷ "እርስዎ" ያላት ሰው አልነበረም። እግሯን ሰብስባ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

"እኔም ክስ አለኝ" አለች።

"በማን ላይ?" አሉ አያ ነጋ።

"በሱ። በሰኔ ካርድ ሲሰጥ ከክፍሌ ሁለተኛ ወጣሁ። ቤት ሳልገባ ሱቁ ድረስ ሮጬ ሄጄ ነገርኩት። ስልኩን እያየ 'ጎበዝ፣ በሩን ዝጊው' አለኝ።"

አያ ነጋ ነገር ሳይጣራ አያልፉምና፣ "ዘጋሽው?" ብለው ጠየቁ።

"ዘጋሁት።"

"ከውስጥ ሆነሽ ነው ከውጭ?"

"ከውጭ።"

አዳሙ ልጁ ያን ለት መምጣቷን ማስታወስ ፈለገ፤ እምቢ አለው። በሩ መዘጋቱ ግን ትዝ አለው። ብርድ ነበር፣ ሲዘጋ ደስ ብሎት ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሽታዬ የሱን ፊት አላየችም፣ ይሄ ከስድብ ይከፋል።

ስልኩ ለብዙ ጊዜ አሰበ። ከዚያ "ሁለታችሁም ጠቃሚ ነገር አንስታችኋል" አለ። "አንድ ሐሳብ አለኝ። ለአንድ ሳምንት ከስክሪን ውጭ ሆናችሁ አብራችሁ ጊዜ አሳልፉ። ከዚያ ተመልሳችሁ ንገሩኝ፤ ዓይናዲስ ያነሱትንም ያን ጊዜ በዝርዝር እንወያይበታለን።"

አያ ነጋ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መቱት። "ቁራኛ አዘዘ" አሉ።

ማንም አልገባውም። አያ ነጋ አስረዱ። በአባቶቻቸው ጊዜ ነገሩ ያልተቆረጠ እንደሆነ ከሳሽና ተከሳሽ እስከ ቀጠሮው ቀን አይለያዩም ነበር፤ የሁለቱ ልብስ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፣ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ቀጠሮ ሲደርስ ተቋጥረው ይቀርባሉ። ቁራኛ ማለት ይሄ ነው። "እኔ እንኳ በልጅነቴ አንዴ ነው ያየሁት። ይሄ ሽማግሌ የዋዛ አይደለም፤ ከየት ተማረው?" አሉ እየተገረሙ።

"አባዬ፣ እንዲህ ማለቱ አይደለም" አለ አዳሙ።

"አብራችሁ አሳልፉ አላለም? ተመልሳችሁ ኑ አላለም? ቀኑን አልቆረጠም? ምነው ልጄ፣ አማርኛ ነው እኮ የተናገረው።"

አዳሙ አድኚኝ በሚል ዓይን ሚስቱን አየ። ሽታዬ ግን ከሁለት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ዳር ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ሽው አለባት። "ሽማግሌ ያዘዘውን ማን ያፈርሳል?" አለች። "ማናዬም በመጪው እሑድ ትመጣለች። ሽማግሌው ካስማማችሁ አስማማችሁ፤ ካልሆነ ይዛት ትሄዳለች።"

የአዳሙ ጋቢ ጫፍና የዓይናዲስ ነጠላ ጫፍ በአያ ነጋ እጅ ተቋጠረ። ድርብ አድርገው ሲቋጥሩት ዓይን የደከመው ሰው አይመስሉም ነበር። ለመጸዳጃና ለመኝታ ይፈታል፣ ጠዋት ፊት ሳይታጠብ በፊት ይቋጠራል ተብሎ ተደነገገ።

ሰኞ ጠዋት ማራኪ ጉድ አየች። ሚኒባስ ውስጥ ወያላው በአንድ ወንበር ልቁጠራችሁ ወይስ በሁለት ብሎ ተቸገረ። አንድ ፖሊስ አስቁሟቸው "ልጅቷ ምን አጥፍታ ነው?" ሲል ዓይናዲስ ኮራ ብላ "እኔ ከሳሽም ነኝ" አለችው፤ እሱም አሳለፋቸው። ሱቅ ውስጥማ አይወራም። አዳሙ የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሱን ይዞ በደንበኛው ራስ ዙሪያ ሲዞር ልጁም ትዞራለች፤ በቀኝ ከሄደ በቀኝ፣ ወደ ኋላ ከተመለሰ ወደ ኋላ። አንድ ደንበኛ "ወንድሜ፣ ዙሪያዬን እየዞራችሁ ጸበል ልትረጩኝ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ማክሰኞ ዕለት ፀጉር የሌላቸው ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው ተራ ያዙ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ግን አባትና ልጅ የሚባባሉት ነገር አልነበራቸውም። እውነቱ ይሄ ነው፤ አያምርም እንጂ። ደንበኛ ሲጠፋ ጎን ለጎን ይቀመጡና አስፋልቱን ያያሉ። አንዳንዴ ሁለቱም እኩል እጃቸውን ወደ ባዶ ኪሳቸው ይሰዱና፣ እኩል ያወጡታል። አዳሙ "ራበሽ?" ይላል፣ እሷ "አልራበኝም" ትላለች። ካንዱ ደንበኛ እስከ ሌላው ያለው ጊዜ እንዲህ ረጅም መሆኑን አዳሙ አያውቅም ነበር።

ረቡዕ መብራት ጠፋ፣ ዝናብም ወረደ። አንድ የክረምት ተማሪ ፎቶ ልነሳ ነው፣ በመቀስ ይሁንልኝ ብሎ ለመነ። ዓይናዲስ ትንሹን መስታወት ይዛ በበሩ ብርሃን ላይ ቆመች። "እዚህ ጋ ጎበጥ ብሏል" አለች፤ እውነትም ጎበጥ ብሎ ነበር። ተማሪው ሲሄድ አዳሙ ተሳክቶለት አንድ ነገር ጠየቀ።

"እነዚያ ድመቶች ያስቃሉ እንዴ?"

"አያስቁም" አለች።

"ታዲያ ምነው ሁለት ወር ሙሉ?"

"እናቴ ሥራ ናት። አንተ ሱቅ ነህ። ማታ ስትመጣም ስልክህን ነው የምታይ። ቤት ውስጥ ሰው ቢኖር ማን ያያቸዋል?"

ያለ ቁጣ ነው የተናገረችው፣ እንዲያው ቀኑን እንደጠየቃት። አዳሙ ፀጉር የሚጠርግበትን ብሩሽ አንስቶ ንጹሑን ወንበር ይጠርግ ጀመር። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሁለተኛ የወጣችበትን ነገር ከመጀመሪያው ጠየቃት፤ አንደኛ ማን እንደወጣ፣ በስንት እንደበለጣት፣ የትኛው ፈተና እንደከበዳት። እሷ መናገር ስትጀምር ዝናቡ ገና አልከበደም ነበር፤ ስትጨርስ ፀሐይ ወጥታ ሦስት ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ነበር።

አያ ነጋ በበኩላቸው በየቀኑ አመሻሽ ላይ ምንዳዬ ቤት ይሄዳሉ። "ባዕድ አገር ብቻውን ነው፤ ላጫውተው" ይላሉ። የዳኟቸውን ጠብ ሁሉ አንድ ባንድ አወሩለት። ስልኩም "በጣም አስደናቂ ነው፣ እባክዎ ይቀጥሉ" ይላቸዋል፤ እንዲህ ያለ አድማጭ ዳባት ላይም አላገኙም። ምንዳዬ ደግሞ እሳቸው ሲሄዱ ስለ ዶሮዎቿ ሳል ታማክረዋለች። ኋላ ለሆነው ነገር የማን ጣት ምን ነክቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያወቀ የለም፤ ሁለቱም አልነካንም ብለው ይምላሉ።

እሑድ ደረሰ። ማናዬ ከማክሰኝት በጠዋት መጥታ ለልጅቷ ልብስ የሚሆን ባዶ ሻንጣ ከጎኗ አስቀምጣ ተቀመጠች። አዳሙ ሻንጣውን ላለማየት ጣሪያውን ያያል። ስልኩ በርጩማው ላይ ሆነ። አያ ነጋ "ባለጉዳዮች ተቋጥረው ቀርበዋል" ብለው ችሎቱን ከፈቱ።

"ሰላም! ዛሬ ምን ልርዳዎት?" አለ ስልኩ።

"ያው ጉዳያችንን ነዋ" አለ አዳሙ። "የሳምንቱን ቀጠሮ።"

"ይቅርታ፣ ያለፈ ውይይታችንን ማግኘት አልቻልኩም። ስለ ጉዳዩ ከመጀመሪያው ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።"

አያ ነጋ ቀረቡ። "እኔን ታውቀኛለህ። ነጋ ነኝ። የድንበሩን ነገር፣ የሁለቱን ወንድማማች ነገር አጫውቼህ..."

"ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል፣ ነጋ!"

አያ ነጋ አጋፋሪ ናቸውና ችሎት ላይ አይቀመጡም። ያን ለት ተቀመጡ። "ሽማግሌው ሞቷል" አሉ።

"ኧረ ይናገራል" አለች ምንዳዬ።

"የሚናገረው ሌላ ነው።"

ምንዳዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ "ነፍስ ይማር" አለች። ስልኩም "በደረሰባችሁ ሐዘን በጣም አዝኛለሁ። ስለ ሟቹ ሊያወሩልኝ ይፈልጋሉ?" አለ። ሽታዬ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ወደ ጓዳ ገባች፣ ፊቷን አስተካክላ ወጣች። ማናዬ እኒህ ሰዎች ምን ሆነዋል በሚል ዓይን ከአንዱ ወደ አንዱ ታያለች።

"ሽማግሌ በነገር መሃል ሲሞት ከሳሽ ነው የሚጠየቅ" አሉ አያ ነጋ ድምፃቸው እየተመለሰ። "ክስህን ታነሳለህ ወይስ ሌላ ሽማግሌ ትጠራለህ?"

አዳሙ ምን ማለት እንደሚበጀው ያውቅ ነበር። ሌላ ሽማግሌ ይጠራ ካለ፣ ነገሩ ይራዘማል፣ ሻንጣው ባዶውን ይመለሳል። ግን ልጁ አጠገቡ ሆና ታየዋለች፤ ከረቡዕ በኋላ ደግሞ እሷን ከሰሰ መባሉ አሳፈረው።

"ክሴን አንስቻለሁ" አለ። "ልጄን የምከስበት አፍ የለኝም።"

"እንግዲህ አለቀ" አለች ሽታዬ፤ ቀስ ብላ፣ እያዘነች። "የሚያስማማችሁ አልተገኘም። ቋጠሮው ሲፈታ ነገ ሁለታችሁም በየስልካችሁ ናችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ማናዬ፣ ተነሺ።"

ማናዬ ተነስታ ቋጠሮውን ልትፈታ እጇን ዘረጋች። ዓይናዲስ ቋጠሮውን በሁለት እጇ ያዘችው።

"የኔ ክስ አልተነሳም" አለች።

አያ ነጋ ቀና አሉ። አርባ ዓመት የዳኙት ሰውዬ ተመልሰው መጡ። "እውነት ነው። በልጅቷ በኩል ክስ አለ። ታይቶ አልተቆረጠም። ቁራኛው አይፈታም።"

"ታዲያ እኔ እንዴት ልውሰዳት?" አለች ማናዬ።

"ከወሰድሽ ሁለቱንም ነው።"

ማናዬ አዳሙን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "ይሄንን ምን ላደርገው?" አለችና ተመልሳ ተቀመጠች።

አያ ነጋ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ተከሳሽ አዳሙ። ልጅህ ሁለተኛ ወጥታ ልትነግርህ ብትመጣ በር አዘግተሃታል። ይሄን ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?"

አዳሙ ሊያምን አፉን ከፈተ። ሳምንቱን ሙሉ ሊያምን ሲፈልግ ነው የሰነበተ፤ ተንበርክኮ፣ አልቅሶም ቢሆን። ነገር ግን ካመነ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይቅር ትለዋለች፣ ነገሩ እዚሁ ያልቃል፣ ቋጠሮውም ይፈታል። ልጁን አየ። ቋጠሮውን እንደያዘች ነበር።

"እክዳለሁ" አለ። "ምስክር ታቅርብ።"

ዓይናዲስ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆነ። "ምስክር አለኝ" አለች። "ያን ለት ወንበሩ ላይ የነበረው ሰውዬ። የአዲ አርቃይ ሰው ነው። ግን ሩቅ ነው፤ ሄደን ነው የምንጠራው።"

"መቼ?" አሉ አያ ነጋ።

"ነገ" አለ አዳሙ።

ሽታዬ ባሏን አየች፣ ልጇን አየች፣ ባዶውን ሻንጣ አየች። ከዚያ ሻንጣውን ከእህቷ ጎን አንስታ የመንገዳቸውን ስንቅ ልትሠራ ወደ ጓዳ ገባች።